የሐኪም ቤት ሒሳብ ሲያከራክር

በዚህ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ምግብና ስለ መድኃኒት አወሳሰድ ነው። የዛሬው ርዕሳችን ግን ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት አልፎ ከሒሳብ ክፍሉ መስኮት ፊት ያቆመናል። ይህ ደግሞ ከጤና ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ካለ፣ የአንዲት ጎረቤቴን ነገር ይስማ።

እኚህ እናት ስኳር አለባቸው። እግራቸው ላይ ጫማ የላጣት ትንሽ ቁስል ወጥታ፣ በሰፈራችን ባለ አንድ የግል ክሊኒክ በሁለት ቀን አንዴ እየሄዱ ያሳጥቡ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ የሚከፍሉት 300 ብር ነበር። በአራተኛው ጊዜ ገንዘብ ተቀባይዋ 480 ብር ስትላቸው ደነገጡ። ለምን ብለው ጠየቁ፤ መልሱ አጭርና ቁጣ ያለበት ነበር። ከፍለው ወጡ፤ ግን ዳግመኛ ወደዚያ ላይረግጡ ማሉ። ሌላ ቦታም አልሄዱም። ቤታቸው ውስጥ በጨው ውኃ ሲያጥቡት ከርመው ከአምስት ሳምንት በኋላ የእግራቸው ትልቁ ጣት ጠቆረ፤ በመንግሥት ሆስፒታልም ተቆረጠ። ኋላ ልጃቸው ክሊኒኩ ሄዶ ሲጠይቅ፣ 180 ብሩ ለካ በዚያ ቀን ለተቀየረው ቅባትና ፋሻ ኖሯል። ደረሰኙ ላይ ተጽፏል። ያነበበላቸው ሰው ግን አልነበረም።

እንግዲህ በሒሳብ የምንከራከር ሁሉ ይህን በቅድሚያ እንያዝ፦ ጠባችን ከሒሳቡ ጋር ነው፤ ሕክምናው በዚህ ምክንያት አንድ ቀንም መቋረጥ የለበትም። ወደዚያ ቦታ መመለስ ካስጠላችሁ የምርመራ ውጤታችሁንና የሐኪሙን ማጠቃለያ ወረቀት ጠይቃችሁ ውሰዱና በማግስቱ ሌላ ቦታ ቀጥሉ። ክርክሩ ሊቆይ ይችላል፤ የስኳር ቁስል፣ የነፍሰ ጡር ክትትል፣ የተጀመረ የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት አይቆይም።

"በዛብኝ" ሲባል ምን ማለት ነው?

ሰዎች ወደ መድኃኒት ቤቴ መጥተው "ሒሳቡ በዛብኝ" ሲሉኝ፣ ዘርዘር አድርጌ ስጠይቃቸው ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ሲሉ አገኛቸዋለሁ። አንዱ ተወደደብኝ ነው። ሌላው አስቀድሞ አልተነገረኝም ነው። ሦስተኛው ያልተሰጠኝን አስከፈሉኝ ነው። እነዚህን ሦስቱን ቀላቅሎ በአንድ ትንፋሽ የሚናገር ሰው፣ እውነቱ ከእርሱ ጋር ቢሆንም እንኳ ሰሚ አያገኝም።

የግል ሆስፒታልና ክሊኒክ ዋጋውን የሚተምነው ራሱ ነው። ስለዚህ አገልግሎቱን ካገኘን በኋላ "ተወደደ" ብንል ልናገኝ የምንችለው ቅናሽ ወይም የመክፈያ ጊዜ ነው። መጠየቁ ነውር የለበትም፤ ብዙ ቦታ ሥራ አስኪያጁ ቅናሽ የመፍቀድ ሥልጣን አለው። ይህ ግን ልመና እንጂ ክርክር አይባልም።

"አልተነገረኝም" የሚለው ከዚህ ይጠነክራል። በ2006 ዓ.ም የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ነጋዴ የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ፣ ለገዢም ደረሰኝ እንዲሰጥ ያዛል። ሸማቹ ስለሚገዛው ነገር በቂ መረጃ የማግኘት፣ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት እንዳለውም ይደነግጋል። ሕክምናን ንግድ ብሎ መጥራት እኔንም ይከብደኛል፤ ሆኖም በክፍያ አገልግሎት የሚሰጥ የግል ተቋም ከዚህ ግዴታ የሚያመልጥበት ምክንያት አይታየኝም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ስለ ሕክምናና ስለ ሆስፒታል ውል ራሳቸውን የቻሉ አንቀጾች አሉት። ካርድ አውጥተን የተመረመርንበት ጉዳይ በሕግ ዓይን ውል ነው ማለት ነው።

"ያልተሰጠኝን አስከፈሉኝ" የሚለው ከሁሉም ይበልጣል፤ ምክንያቱም በመቁጠር ይረጋገጣል። እዚህ ላይ የራሴን ልንገራችሁ።

የአባቴ ስድስት ብልቃጥ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አባቴ በሳንባ ምች ታመው አንድ የግል ሆስፒታል ተኙ። ሐኪሙ ሴፍትሪያክሶን 1 ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ7 ቀን አዘዘ። 14 ብልቃጥ መሆኑ ነው። ሰኞ ጠዋት ተጀመረ፤ ሐሙስ ማታ ሐኪሙ ስለተሻላቸው መርፌውን አቁሞ ወደሚዋጥ መድኃኒት ቀየረውና አርብ ወጡ። አራት ቀን፣ በቀን ሁለት፣ ስምንት ብልቃጥ። የመውጫ ሒሳቡ ላይ የተጻፈው ግን 14 ነበር።

እኔ ፋርማሲስቷ አላየሁትም። አባቴ ቆመው እየጠበቁኝ ነበር፤ መኪናው ተጠርቷል፤ ድምሩን ብቻ አይቼ ከፈልኩ። ማታ ቤት ገብቼ ወረቀቱን ሳገላብጥ ነው የገባኝ። ቅዳሜ ስመለስ "መድኃኒቱ ወጥቷል፤ ከፋርማሲ የወጣ አይመለስም" ተባልኩ። ስድስቱ ብልቃጥ የት እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም፤ እኔ ቤት እንዳልነበረ ብቻ አውቃለሁ። ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። በመጨረሻ ያዳነኝ የዋርዱ ኃላፊ ነርስ ናት፤ ነርሶች መርፌ በሰጡ ቁጥር ሰዓት ጽፈው የሚፈርሙበትን ወረቀት ከአባቴ ፋይል አውጥታ ቆጠረች። ስምንት ፊርማ። የስድስቱ ዋጋ ተመለሰልኝ።

"ከፋርማሲ የወጣ አይመለስም" የሚለው ነገር መሠረት አለው። እኔም መስኮቴ ላይ ለጥፌዋለሁ። ከእጃችን ወጥቶ ቤት የደረሰ መድኃኒት በምን ሙቀት እንደተቀመጠ፣ ማን እንደነካው ስለማናውቅ ለሌላ ሕመምተኛ መልሰን አንሸጠውም። ዋርድ ውስጥ በነርሶች ቁም ሳጥን ያለ ያልተከፈተ ብልቃጥ ግን በመመለሻ ወረቀት ወደ ፋርማሲው ሊመለስና ከሒሳባችሁ ሊቀነስ ይችላል። ልዩነቱ የግቢው በር ነው። ስለዚህ ቆጠራው የሚካሄደው ከመውጣት በፊት ነው።

እኔ ራሴ ሁለት ዓመት በአንድ የግል ሆስፒታል ፋርማሲ ሠርቻለሁ። ሆን ብሎ የሚጨምር የለም ብዬ አልምልላችሁም። ባየሁት መጠን ግን አብዛኛው ስሕተት ከችኮላ የሚመጣ ነው። ሐኪሙ የሰባት ቀን ያዛል፤ ፋርማሲው የሰባት ቀኑን በአንድ ጊዜ ያወጣል፤ ሐኪሙ በአራተኛው ቀን ያቆማል፤ ነርሷ መመለሻ ወረቀቱን ሳትጽፍ ተረኛነቷ ያልቃል። ወይም ሌሊት መብራት ጠፍቶ በእጅ የተጻፈው ጠዋት ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ሁለት ጊዜ ይገባል። አንድ ቀን እኔው ለአንዲት ወላድ አንዱን ማዘዣ ደግሜ መዝግቤ ባሏ በትሕትና መጥቶ "እኅቴ፣ ይህቺን አንድ ጊዜ እዪልኝ" ብሎኛል። ወዲያው አስተካከልኩት። ጮኾብኝ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እኔም ጮኼ፣ ወረቀቱን ሳላየው ወደ ኃላፊ እልከው ነበር። ይህን የምለው ኩራት ሆኖ አይደለም።

ሲተኙ የሚጠየቅ

ሕመምተኛ ሲተኛ ቤተሰቡ ይሯሯጣል፤ ማንም ስለ ገንዘብ ማንሳት አይፈልግም። ቢሆንም ከአስታማሚዎቹ አንድ ሰው፣ ረጋ ያለው ይመረጥና ይህን ሥራ ይያዝ። ደብተርና እስክሪብቶ ይኑረው። አልጋው በቀን ስንት እንደሆነ፣ ቀኑ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆጠር ይጠይቅ። ሐኪሙ ጠዋት "ይውጡ" ብሎ ፈርሞ ሒሳቡ እስኪሠራ ማታ ሲሆን፣ አንድ አዳር የሚጨመርበት ቦታ አለ፤ ይህን አስቀድሞ የጠየቀ ሰው አይጨመርበትም። የስፔሻሊስት ጉብኝት በየቀኑ ለብቻው ይታሰባል ወይስ ከአልጋው ጋር ነው? ኦክስጅን በሰዓት ነው ወይስ በቀን?

ማስያዣ፣ ዲፖዚት የሚሉትን ማለት ነው፣ ስታስይዙ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ሲያልቅ ሳይሆን ከማለቁ በፊት እንዲነግሯችሁ ጠይቁ። ቀዶ ሕክምና ወይም ማዋለድ በጥቅል ዋጋ ከተነገራችሁ በጥቅሉ ውስጥ ያለውንና የሌለውን አጽፉ። ብዙ ጠብ የሚነሳው ከዚህ ነው፦ ቤተሰቡ "ኦፕራሲዮኑ ይህን ያህል ነው ተብለናል" ይላል፤ ሆስፒታሉ ደግሞ ማደንዘዣው፣ መድኃኒቱና ደሙ ለብቻ ነው ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፤ የተጻፈ ነገር ስለሌለ ማንም አያሸንፍም። መድረሳ ሳለን ኡስታዛችን ከቁርኣን ሁሉ ረጅሙ አንቀጽ ስለ ምን እንደሆነ ጠይቆን ነበር። ስለ ሶላት የመሰለን ብዙ ነበርን። አል-በቀራ ውስጥ ያለው ስለ ዕዳ መጻፍ የሚናገረው አንቀጽ ነው።

ዝርዝሩን ማንበብ

የመውጫ ሒሳብ ሲሰጣችሁ ድምሩን ብቻ አትቀበሉ፤ "ዝርዝሩን አትሙልኝ" በሉ። ዝርዝር ማለት እያንዳንዱ ነገር ከነቀኑ፣ ከነብዛቱና ከነነጠላ ዋጋው ነው። "ልዩ ልዩ" ወይም "የመገልገያ ዕቃ" ተብሎ በጅምላ የተቀመጠ መስመር ካለ ምን ምን እንደሆነ አስተንትኑ።

እኔ በቅድሚያ የማየው መድኃኒቱን ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ በቀን ስንት ጊዜ፣ ለስንት ቀን፣ ማባዛት። ከዚያ አንድ መድኃኒት በሁለት ስም ሁለት ጊዜ መጻፉን አያለሁ። ፍላጂልና ሜትሮኒዳዞል አንድ ነው። ላሲክስና ፉሮሴማይድ አንድ ነው። ኦግመንቲን የሚባለው አሞክሲሲሊንና ክላቩላኒክ አሲድ ተቀላቅለው ነው። ሮሴፊን ብሎ የጻፈ ሰው ሴፍትሪያክሶን ማለቱ ነው። ሁለቱን ስም በአንድ ወረቀት ላይ ካያችሁ ስሕተት ነው ብላችሁ አትደምድሙ፤ አንዱ መርፌ አንዱ የሚዋጥ ሊሆን ይችላል። ቀኑንና ዓይነቱን አይታችሁ ጠይቁ።

ኢንሱሊን ለብቻው ይነሳ። የተለመደው ብልቃጥ 10 ሚሊ ሊትር ሲሆን በውስጡ 1000 ዩኒት አለው። በቀን 20 ዩኒት የሚወጋ ሰው አምስት ቀን ቢተኛ የተጠቀመው 100 ዩኒት ብቻ ነው። ሙሉውን ብልቃጥ ከከፈላችሁ ቀሪው የእናንተ ነው፤ ስትወጡ ስሙ ተጽፎበት እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ከተከፈተ በኋላ ለ28 ቀን ያህል ያገለግላል፤ የተከፈተበትን ቀን ጻፉበት፤ ከፀሐይና ከሙቀትም ጠብቁት። በአንጻሩ የተረፈ የመርፌ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት "ከፍዬበታለሁ" ብላችሁ ቤት አትውሰዱ። እርሱ ይመለስና ከሒሳብ ይቀነስ እንጂ ለጎረቤት ሳል የሚሆን ነገር አይደለም።

"ግሉኮስ" የምንለው ሁሉ ግሉኮስ አይደለም፤ ኖርማል ሳላይንም ሪንገርም በዚያው ስም ይጠራል። ስሙ ምንም ይሁን የከረጢቱን ብዛት አስታማሚው በደብተሩ ላይ በየቀኑ ሰረዝ እያደረገ ቢቆጥር ኋላ አይቸገርም። ካኑላ፣ ስሪንጅና ጓንት ትንሽ ትንሽ ይመስላሉ፤ ሲደመሩ ግን ያስደነግጣሉ። ለእያንዳንዱ መርፌ አዲስ ስሪንጅ መታሰቡ ግን ትክክል ነው፤ እንዲያውም አንድ ስሪንጅ ብቻ ታስቦ ካያችሁ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው።

ላቦራቶሪ ላይ የሚያጋጥመው፣ ሲቢሲ የሚባለው ሙሉ የደም ምርመራ ታስቦ በዚያው ቀን ሄሞግሎቢን ለብቻው ሲጨመር ነው። ሲቢሲው በውስጡ ሄሞግሎቢንን ይዟል። ከደም መፍሰስ በኋላ በሌላ ሰዓት ደግሞ ታይቶ ከሆነ ግን ተገቢ ነው። የታሰበ ምርመራ ሁሉ ውጤት ሊኖረው ይገባል፤ ውጤቱ ፋይል ውስጥ ከሌለ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ቫት የሚል መስመር ካያችሁም በምን ላይ እንደታሰበ ጠይቁ። ካርድን በተመለከተ፣ አንድ ካርድ ለስንት ቀን እንደሚያገለግል ቦታው ይለያያል፤ ውጤት ለማሳየት ስትመለሱ አዲስ ካርድ አውጡ ከተባላችሁ የመጀመሪያውን ቀን አሳዩ።

ሒሳቡ ጎድሎ ስታገኙትም ተናገሩ። ኦክስጅኑን ረስተውት ከሆነ ረስታችሁታል በሉ። ሐቅ ነው፤ በዚያ ላይ ይህን ያደረገ ሰው "ስድስት ብልቃጥ ይቀነስልኝ" ሲል የሚጠራጠረው የለም።

ለማን፣ እንዴት?

ገንዘብ ተቀባይዋ የተጻፈላትን የምትሰበስብ ናት፤ ሒሳብ የመቀነስ ሥልጣን የላትም። እርሷን መጨቃጨቅ ሰልፉን ማቆም ብቻ ነው። መድኃኒት ከሆነ ወደ ዋርዱ ኃላፊ ነርስ፣ ምርመራ ከሆነ ወደ ላቦራቶሪው፣ የአልጋና የጥቅል ዋጋ ከሆነ ወደ ሒሳብ ክፍል ኃላፊ ሂዱ። "ዘረፋችሁኝ" ከማለት "ይህች መስመር አልገባችኝም፤ ወረቀቱን አብረን እንይ" ማለት በር ይከፍታል። የሚያነጋግራችሁን ሰው ስምና ቀኑን በደብተራችሁ ላይ መዝግቡ።

እዚያ ካልተፈታ ለሥራ አስኪያጁ ወይም ለሜዲካል ዳይሬክተሩ በጽሑፍ ማመልከት ነው። ረጅም ታሪክ አያስፈልግም። ለምሳሌ በእኔ ጉዳይ እንዲህ ቢጻፍ ይበቃ ነበር፦

"ጉዳዩ፦ የሒሳብ ማስተካከያ ስለመጠየቅ። የካርድ ቁጥራቸው ይህ የሆነው አባቴ ከሰኞ እስከ አርብ በተቋማችሁ ተኝተው ታክመዋል። በመውጫ ሒሳቡ 14 ብልቃጥ ሴፍትሪያክሶን ታስቦ የከፈልኩ ሲሆን፣ ነርሶች በፈረሙበት ወረቀት መሠረት የተሰጣቸው 8 ነው። የ6ቱ ዋጋ እንዲመለስልኝ እየጠየቅሁ የደረሰኙንና የዝርዝር ሒሳቡን ኮፒ 2 ገጽ አያይዤ አቅርቤአለሁ።"

ሁለት ኮፒ አዘጋጁ። አንዱን ሰጥታችሁ በሌላው ላይ "ደርሷል" ተብሎ ቀንና ማኅተም ወይም ፊርማ ይደረግላችሁ። ይህቺ ፊርማ ከሌለች ኋላ "ማመልከቻ አልደረሰንም" የሚል መልስ ይመጣል። ዋና ደረሰኛችሁን ለማንም አሳልፋችሁ አትስጡ፤ ኮፒውን እንጂ። መሥሪያ ቤታችሁ ወይም ኢንሹራንስ የሚከፍልላችሁ ከሆነ ዋናውን የሚፈልጉት እነርሱ ናቸውና ክርክሩን ሳታነሱ ወረቀቱን አታስረክቡ።

ክፍያውን ሳይፈጽሙ መውጣት ካልተቻለ ወይም ሕመምተኛው መቆየት ካልቻለ፣ የምታምኑበትን ክፈሉና ስለ ቀሪው በጽሑፍ ተስማሙ። ሙሉውን ለመክፈል ከተገደዳችሁ በምትፈርሙበት ወረቀት ላይ "ቅሬታዬ እንደተጠበቀ ሆኖ ከፍያለሁ" ብላችሁ ጻፉ። "ሒሳቡን አይቼ አምኛለሁ" የሚል ጽሑፍ ሥር ሳታዩ አትፈርሙ። ተቋሙ መልስ ከነፈጋችሁ የክፍለ ከተማው ወይም የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ የጤና ተቋማትን ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት፣ የዋጋ መለጠፍና የደረሰኝ ጉዳይ ከሆነ ደግሞ የንግድ ጽሕፈት ቤቱ አለ። ወደነዚህ ስትሄዱ "ደርሷል" የተባለበትን ማመልከቻ ይዛችሁ ሂዱ፤ የመጀመሪያው ጥያቄያቸው "ተቋሙን ጠይቀሃል ወይ" የሚል ነው።

በመንግሥት ተቋም

የመንግሥት ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ላይ ክርክሩ መልኩ ይለያል። ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራና መድኃኒት፣ የኤች አይ ቪ ምርመራና መድኃኒት፣ በጤና ጣቢያ የሚሰጥ የወሊድ አገልግሎት በነፃ ከሚሰጡት ውስጥ ናቸው። ለእነዚህ ክፍያ ከተጠየቃችሁ ቅሬታ ሰሚው ዘንድ ሂዱ። መክፈል ለማይችሉ ወገኖች ደግሞ አካባቢያቸው አጣርቶ የሚሰጠው የነፃ ሕክምና ማስረጃ አለ። ይህ ወረቀት ሕመም ከመጣ በኋላ የሚሯሯጡለት ሳይሆን አስቀድሞ የሚወጣ ነው። በሰፈራችሁ አቅም የሌላቸው ሽማግሌዎች ካሉ ወጣቶች ይህን ብታስፈጽሙላቸው ትልቅ ኸይር ነው።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ኋላ ወደ ብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። የዚህ አባላት ብዙ ጊዜ የሚከራከሩት "መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ" ሲባሉ ነው። ዝም ብላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ማዘዣው ላይ "የለም" ተብሎ ማኅተም ይደረግበት፤ የት ብትገዙ ገንዘቡ እንደሚመለስላችሁም የመድኑን ሠራተኛ ጠይቁ። ያለ ማኅተምና ያለ ደረሰኝ የተገዛ መድኃኒት ገንዘቡ ሲመለስ አላየሁም። ሪፈር ሳይጻፍላችሁ ጤና ጣቢያን ዘልላችሁ ሆስፒታል ብትሄዱም መድኑ ላይከፍልላችሁ ይችላል። መታወቂያውንም በየዓመቱ በጊዜው አሳድሱ።

ድንገተኛና ጀናዛ

ድንገተኛ ሕመምተኛ ይዛችሁ ስትደርሱ የገንዘብ ክርክር አታንሱ፤ "ሕይወት ላይ ነው፣ መጀመሪያ እርዱት" በሉ። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕጋችን ሐኪም፣ ነርስ ወይም ፋርማሲስት በከባድ ችግር ላይ ላለ ሰው ያለ በቂ ምክንያት ሙያዊ እርዳታ መንፈጉን በወንጀልነት ይቆጥረዋል። ይህን በማስፈራሪያ መልክ ሳይሆን በትሕትና ለተረኛው ኃላፊ ማስታወስ ይቻላል።

ከሁሉ የሚከብደው ሰው ሲሞት ነው። እኛ ጀናዛ ማቆየት አንወድም፤ ዙሁር ካልተደረሰ ዐስር ብለን እንቸኩላለን። ሒሳቡ እስኪዘጋ አስከሬን የሚያቆዩ ቦታዎች እንዳሉ ደግሞ ብዙዎቻችን እናውቃለን። በዚህ መካከል ቤተሰቡ የተባለውን ሁሉ ተበድሮ ይከፍላል፤ ዝርዝር የሚጠይቅ የለም፤ መጠየቁም እንደ ነውር ይታያል። እኔ ነውር ነው አልልም። የሟች ዕዳ ከውርስ በፊት የሚከፈል ነውና ልኩ መታወቅ አለበት፤ የሚከፈለው ከየቲሞች ድርሻ ሊሆን ይችላል።

ይህን ሥራ ግን ልጁ ወይም ባለቤቷ አይሥሩት። ከጀመዓው ወይም ከዕድሩ አንድ ረጋ ያለ ሰው ይላክ። እርሱም ተረኛ ሥራ አስኪያጁን ያነጋግር፤ የማያከራክረው ይከፈል፤ ለቀሪው ቀን ተቆርጦለት በሚታወቅ ሰው ፊርማ ውል ይጻፍ፤ ጀናዛው ይውጣ። የሒሳቡን ዝርዝርና የሞት ማስረጃውን በዚያው ሰዓት ይቀበል። ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሶ ብልቃጡን መቁጠር ይቻላል። ዕድሮቻችን ለድንኳንና ለቀብር የሚመድቡትን ያህል፣ ለዚህ የሚሆን አንድ ሰው በስም ቢመድቡ መልካም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። የማሽን ደረሰኝ የሚታተምበት ወረቀት በሙቀት የሚሠራ ስለሆነ፣ ከወራት በኋላ ጽሑፉ እየደበዘዘ ነጭ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። በተቀበላችሁበት ቀን ኮፒ አድርጉት ወይም በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፤ ፀሐይ ላይና መኪና ውስጥ አታስቀምጡት።

ጎረቤቴ አሁን ቁስላቸው ደርቋል፣ አልሐምዱ ሊላህ። ለክትትል ሲሄዱ ልጃቸው አብሮ ይሄዳል፤ በጥቁር ክላሰር ውስጥ ደረሰኞቹ በየቀናቸው ተሰክተዋል። በእያንዳንዱ ጀርባ በእርሳስ አንድ መስመር ተጽፏል፦ ታጠበ፣ ቅባት ተቀየረ፣ ደም ተወሰደ። ባለፈው ሳምንት ኢንሱሊን ሊወስዱ መጥተው ክላሰሩን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተው "ነይ እስቲ፣ ይህቺ 60 ብር ምንድን ናት?" አሉኝ። አየሁት። የካርድ ነበር።